የኢልያ ሜችኒኮፍ የሕይወት ታሪክና የበላዒ ሕዋሳት ነገር

በሐራ ቆላ ላደገ ተማሪ የግራር እሾህ እንግዳ ነገር አይደለም። እሾህ እግርን ወግቶ ውስጥ ከቀረ በማግሥቱ ቦታው ይቀላል፤ ያብጣል፤ ይሞቃል፤ ይጠዘጥዛል፤ ሳይወጣ ከሰነበተም መግል ይቋጥራል። እናቶቻችን ይህን ሲያዩ ቁስሉ ተቆጣ ይላሉ። መግሉ ፈርጦ እሾሁ ከወጣ በኋላ ግን ቁጣው ይበርዳል፤ ቁስሉም ይደርቃል። አንዳንዱ ምልክት ሳይተው ይጠፋል፤ አንዳንዱ ዕድሜ ልክ የማይለቅ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ቁስል የሚቆጣው ስለ ምንድን ነው? ቁጣውስ የሚበርደው በማን ትእዛዝ ነው? ጠባሳስ ባንዱ ላይ ቀርቶ ባንዱ ላይ የማይቀረው ለምንድን ነው? የነዚህን ጥያቄዎች በር መጀመሪያ የከፈተው ሰው ምርምሩን የጀመረው፤ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፤ ከእሾህ ነው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የዚህን ሰው ታሪክ ለመጻፍ አሰብን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።

ኢልያ ኢልይች ሜችኒኮፍ የተወለደው በ1845 ዓ.ም. በግንቦት ወር፤ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ በሚገኘው በካርኮቭ አውራጃ ነው። በዚያን ጊዜ አገሩ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበር። ስሙ በኛ አጠራር ኤልያስ ማለት ነው። አባቱ የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ መኮንን ነበር፤ እናቱ ኤሚሊያ ኔቫኮቪች ደግሞ ከአይሁድ ወገን የሆነ የአንድ ጸሐፊ ልጅ ነበረች። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል፤ ሣር ቅጠሉን፤ ትል ተባዩን ሲመረምር የሚውል ስለ ነበረ በቤተ ሰቡ ዘንድ በባዜቃ ይመሰል ነበር። በካርኮቭ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት በሁለት ዓመት ጨርሶ ወጣ። ይህን የምንጽፈው ተማሪ ጓደኞቻችንን ለማስቀናት አይደለም፤ ጥድፊያው በኋላም በሕይወቱ ሁሉ ስለሚታይ ነው እንጂ።

ከዚያ ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በልዩ ልዩ ከተሞች ተማረ። በ1865 ዓ.ም. በጊሰን ከተማ ሳለ አንድ ጠፍጣፋ ትል በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፤ ትሉ ምግቡን የሚፈጨው በሕዋሳቱ ውስጥ መሆኑን ተገነዘበ። የትሉ ሕዋሳት እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ አፍና ሆድ ሆነው ምግቡን ይውጡታል። ነገሩ በጊዜው ትልቅ መስሎ አልታየም፤ እርሱ ግን አልረሳውም። ከዚያም በኔፕልስ ባሕር ዳር ከወዳጁ ከአሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ጋር የባሕር እንስሳት ፅንስ እንዴት እንደሚያድግ መርምሮ፤ ሁለቱ በ1867 ዓ.ም. በካርል ኤርንስት ፎን ቤር ስም የተሰየመውን ሽልማት ተካፈሉ። በዚያው ዓመት ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሳለ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ።

የሜችኒኮፍ የግል ኑሮ ግን ብዙ ኀዘን ነበረበት። የመጀመሪያ ሚስቱ ሉድሚላ በሳንባ ነቀርሳ ትታመም ስለ ነበረ ለሠርጋቸው ቤተ ክርስቲያን የገባችው በወንበር ላይ ተቀምጣ በሰው ተሸክመዋት ነው። ሙቀት ወዳለበት አገር ወስዶ ሊያድናት ደከመ፤ ነገር ግን በ1873 ዓ.ም. በማዴይራ ደሴት አረፈች። እርሱም ከኀዘን ብዛት የተነሣ ሕይወቱን ሊያጠፋ ሞክሮ ለጥቂት ተረፈ። ባለቤቱ ኦልጋ እንደ ጻፈችው፤ በነዚያ ቀኖች አንድ ምሽት በፋኖስ ብርሃን ዙሪያ የሚዞሩ ነፍሳት አይቶ፤ ስለ እነዚህ ዕድሜያቸው ከሰዓታት የማያልፍ ፍጥረታት ማሰብ ጀመረ፤ በዚያም ሐሳብ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኦልጋን ያገባት በ1875 ዓ.ም. ነው። እርስዋም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ረዳቱ ሆነች።

በ1881 ዓ.ም. ደግሞ በብርቱ ተክዞ ሳለ የግርሻ በሽተኛ ደም በገዛ ሰውነቱ ውስጥ አስገባ። በሽታው በደም ይተላለፍ እንደ ሆነ ለማወቅ ነበር ይባላል፤ ነገር ግን ለሕይወቱ ግድ አልነበረውም። ታመመ፤ ሞት አፋፍ ደርሶም ዳነ። ግርሻ እኛ አገር የታወቀ በሽታ ነው፤ በቅማል ይተላለፋል፤ ትኩሳቱ ለቀቀ ሲሉት ያገረሻል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። ከብዙው ዓለም ከጠፋ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ እስከ ዘመናችን መቆየቱ የታወቀ ስለ ሆነ፤ ይህ የሜችኒኮፍ ታሪክ ክፍል ለኛ ሩቅ አይደለም።

በዚያው ዓመት የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር ተገደለ፤ በዩኒቨርሲቲዎችም ላይ ጭቆናና ሁከት በረታ። ሜችኒኮፍ በ1882 ዓ.ም. ሥራውን ለቆ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ሲሲሊ ደሴት፤ ወደ መሢና ከተማ ሄደ። ታሪኩን ያስጠራው ቀን የመጣው በዚህ ነው። በታኅሣሥ ወር አንድ ቀን ቤተ ሰቡ በሙሉ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎች ወደሚታዩበት ሰርከስ ሄደው እርሱ ብቻውን ቤት ቀረ። የባሕር ኮከብ የሚባለውን እንስሳ እጭ በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። እጩ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ በውስጡ የሚንቀሳቀሱት ሕዋሳት ወለል ብለው ይታያሉ። በድንገት አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ይኸውም እነዚህ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ምግብ ብቻ ሳይሆን ከውጭ የሚገባውን ጠላት ሁሉ የሚውጡ ዘበኞች ቢሆኑስ የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ ባዕድ ነገር ሲገባ ሕዋሳቱ መክበብ አለባቸው። ወዲያው ወደ ግቢው አትክልት ወጥቶ የጽጌረዳ እሾህ ቆርጦ በእጩ ቆዳ ሥር አስገባ። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደው አድሮ ጎሕ ሲቀድ ሄዶ ቢያይ ሕዋሳቱ እሾሁን ከበውት ተገኙ። ይህ እንስሳ ደም ሥር የለውም፤ ነርቩም እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ የቁስል መቆጣት መሠረቱ የደም መፍላት ሳይሆን የሕዋሳቱ ዘመቻ ነው ማለት ነው።

የዚህን ክብደት ለመረዳት በዚያ ዘመን ሐኪሞች የሚያስቡትን ማወቅ ያስፈልጋል። ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር ወጥተው ወደ ቁስል እንደሚጎርፉ አስቀድሞ ታውቋል። በውስጣቸው ባክቴሪያ መታየቱም አዲስ አልነበረም። ብዙዎቹ ግን ሕዋሱ ጀርሙን በሰውነት ውስጥ ተሸክሞ የሚያዛምት፤ መግልም ራሱ በሽታው ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሜችኒኮፍ ነገሩን ገለበጠው። ታላቁ ጀርመናዊ ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ በዚያው ሰሞን መሢና ስለ ነበረ ሥራውን አይቶ፤ አካሄዱ መልካም መሆኑን፤ ነገር ግን የጊዜው ሊቃውንት ተቃራኒውን ስለሚያስተምሩ መጠንቀቅ እንደሚገባው መከረው። በቪየና ደግሞ ካርል ክላውስ የተባለ ፕሮፌሰር ከግሪክ ቃላት አውጥቶ ፋጎሳይት የሚለውን ስም ሰጠው፤ በላዒ ሕዋስ ማለት ነው። ቆየት ብሎም ሜችኒኮፍ ትንሹን በላዒ ማይክሮፌጅ፤ ትልቁን በላዒ ማክሮፌጅ ብሎ ለየ። ማክሮፌጅ የሚለው ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ብዙ ጊዜ በትምህርት መጻሕፍት አይጻፍም፤ እኛ ግን ከእሾሁ ይልቅ የሚያስገርም ሆኖ አገኘነው። በክረምት በየኩሬው የምናየው ባለ ጅራቱ የእንቁራሪት ልጅ ሲያድግ ጅራቱ እያጠረ ይሄድና በመጨረሻ ይጠፋል። ጅራቱ ወዴት ሄደ? ተቆርጦ አይወድቅም። ሜችኒኮፍ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር በላዒዎቹ ሕዋሳት የጅራቱን ጡንቻ ቁርጥራጭ ውጠው አገኛቸው። እንግዲህ በላዒው ሕዋስ የሚበላው ጠላትን ብቻ አይደለም፤ ጊዜው ያለፈበትን የገዛ ቤቱን አካልም ይበላል፤ ያውም ያለ ትኩሳት፤ ያለ መግል። እንቁራሪቱ በጅራቱ መጥፋት አይታመምም።

የዚህ ነገር ትርጉም በሙሉ የታወቀው ሜችኒኮፍ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ከታሪኩ ወጥተን እንናገር። በሰው አካል ውስጥ በየቀኑ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቈጠሩ ሕዋሳት ይሞታሉ። በ1972 ዓ.ም. ኬር፤ ዋይሊና ከሪ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት የሕዋስ ሞት ሁለት ዓይነት መሆኑን አስረዱ። አንዱ በቃጠሎ፤ በመደቆስ ወይም በመርዝ የሚመጣ ድንገተኛ ሞት ነው፤ ሕዋሱ ይፈነዳል፤ የሆዱም ዕቃ ይፈስሳል። ሁለተኛው በሥርዓት የሚደረግ ሞት ነው፤ ሕዋሱ ይኮማተራል፤ በየትንሹ ይከፋፈላል፤ ነገር ግን ሽፋኑ አይቀደድም። ይህን አፖፕቶሲስ አሉት፤ ቃሉ በግሪክ የቅጠል መርገፍን ያመለክታል። በሥርዓት የሚሞተው ሕዋስ ፎስፋቲዲልሴሪን የሚባለውንና ዘወትር በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ተሰውሮ የሚኖረውን ቅባት ወደ ውጭ ገልብጦ ያሳያል። ማክሮፌጅም ያንን ምልክት አይቶ ይውጠዋል። ይህ በ1992 ዓ.ም. ታወቀ።

አሁን ወደ መግሉ እንመለስ። እሾሁ ሲወጋ ፈጥነው የሚደርሱት ሜችኒኮፍ ትናንሽ በላዒ ያላቸው፤ ዛሬ ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። ጀርሙን የሚገድሉበት መርዝና ሥጋን የሚያሟሟ ኤንዛይም በሆዳቸው ይዘው ይመጣሉ። ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ መግል የምንለውም በብዛቱ የነሱው ሬሳ ነው። እነዚህ በጊዜው ካልተነሡ ይፈነዳሉ፤ መርዛቸውም ጤነኛውን ሥጋ ይበላል፤ የተበላውም ሥጋ ሌሎች ኒውትሮፊሎችን ይጠራል፤ ቁጣው በቁጣ ላይ ይጨመራል። ትልቁ በላዒ ማክሮፌጅ ደርሶ እየሞቱ ያሉትን በሙሉነታቸው ሲውጣቸው ግን መርዙ አብሮ ይዋጣል። በ1989 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሊቃውንት ማክሮፌጅ ያረጁ ኒውትሮፊሎችን እንዲህ ሲውጥ አሳዩ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር ተገለጠ፤ ይኸውም ማክሮፌጁ በሥርዓት የሞተውን ሕዋስ ከዋጠ በኋላ ጠባዩ ይለወጣል፤ የቁጣ መልእክት መላኩን ትቶ የማብረጃ መልእክት ይልካል። ቁጣውን ከሚያበርዱት ሰዎች አንዱ ሬሳውን ያነሣው ነው እንደ ማለት ነው፤ በመንደራችንም ጠብ የሚበርደው የወደቀው ከተነሣ በኋላ መሆኑን ሽማግሌዎች ያውቃሉ።

ይሁን እንጂ ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አያልቅም። ማክሮፌጅ ከሚልካቸው የማብረጃ መልእክቶች አንዱ፤ ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው፤ ሌላም ሥራ አለው፤ ኮላጅን የሚባለውን ጠንካራ ክር የሚፈትሉትን ሕዋሳት ያነሣሣል። ክሩ በመጠኑ ሲፈተል ቁስሉ ይገጥማል። ቁስሉ እየተቆጣ፤ እየበረደ፤ ደግሞ እየተቆጣ ብዙ ጊዜ ከቆየ ግን ክሩ ከመጠን በላይ ይከማቻል፤ ያም ጠባሳ ነው። ጠባሳ በቆዳ ላይ መልክ ያበላሻል፤ በሳንባ ውስጥ ትንፋሽ ይነሣል፤ በጉበት ውስጥ የደሙን መንገድ ይዘጋል። በስኳር በሽተኞች ላይ ቁስል አልድን የሚልበት አንዱ ምክንያት ማክሮፌጆቻቸው የሞቱትን ሕዋሳት የማንሣት ኃይላቸው መድከሙ እንደ ሆነ ተመርምሯል። ሉፐስ በሚባለውም በሽታ ያልተነሣው የሕዋስ ፍርስራሽ ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ እንዲነሣ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በዓለም ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ የኛው የአማራ ክልል ነው። ጀርሙ በልጅነት ዐይንን ደጋግሞ ይይዛል፤ የላይኛው ሽፋን ውስጡ ይቆጣል፤ ይበርዳል፤ እንደገና ይቆጣል። ብዙ ጊዜ ሲመላለስ ውስጡ ጠባሳ ይሆንና ሽፋኑን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን መፈግፈግ ይጀምራል። አያቶቻችን በወረንጦ የሚነቅሉት ይህንኑ ፀጉር ነው። ዐይን የሚያጠፋው ጀርሙ ብቻውን ሳይሆን ጠባሳው መሆኑን ስናይ የሕፃናትን ፊት በየቀኑ መታጠብ ለምን እንደሚመከር ይገባናል። ቁንጭርም ሌላ ምሳሌ ነው፤ የቁንጭር ተውሳክ የሚኖረው በማክሮፌጅ ሆድ ውስጥ ነው፤ ሊበላው በመጣው ዘበኛ ቤት ይቀመጣል፤ በፊት ላይ የሚተወውንም ጠባሳ ሁላችንም እናውቀዋለን። የሥጋ ደዌ ጀርም እንዲሁ ያደርጋል። በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የተነሣው ይህንኑ በሽታ ለመመርመር ነው።

ወደ ሜችኒኮፍ እንመለስ። በ1884 ዓ.ም. ዳፍኒያ በምትባል ትንሽ የውሃ ነፍሳት ላይ በላዒ ሕዋሳት የሻጋታ ዘር ሲውጡ አሳየ፤ ዘሩ ከተበላ ነፍሳትዋ ትድናለች፤ ካልተበላ ትሞታለች። ከዚያም በአባሠንጋ ጀርም ላይ ሞከረ። በ1886 ዓ.ም. በኦዴሳ የባክቴሪያ ምርመራ ቤት ተቋቁሞ ኃላፊ ሆነ። ነገር ግን እርሱ ሐኪም ስላልነበረ የከተማው ሐኪሞች ይነቅፉት ነበር። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ እርሱ በሌለበት ሠራተኞቹ የሰጡት የአባሠንጋ ክትባት ብዙ ሺህ በጎች ፈጀ። ባለ በጎቹ ምን እንዳሉ ከብት ላለው ሰው መንገር አያሻም። አገሩን ለቆ ወጣ። በበርሊን ሮበርት ኮህ ሐሳቡን በቀዝቃዛ ፊት ተቀበለው፤ በፓሪስ ግን ሽማግሌው ሉዊ ፓስተር በደስታ ተቀብሎ የምርምር ክፍል ሰጠው። በፓስተር ኢንስቲትዩትም እስከ ዕለተ ሞቱ ሃያ ስምንት ዓመት ሠራ። የዚህ ተቋም ቅርንጫፍ ኋላ በአዲስ አበባም ተከፍቶ እንደ ነበረ፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ ፓስተር እየተባለ እንደሚጠራ ወደዚያ የሄዱ ወላጆች ያውቃሉ።

በፓሪስም ክርክሩ አላረፈም። በ1890 ዓ.ም. ቤሪንግና ኪታሳቶ በርሊን ላይ የመንጋጋ ቆልፍንና የዲፍቴሪያን መርዝ የሚያከሽፍ ነገር በደም ውሃ ውስጥ እንዳለ ባሳዩ ጊዜ፤ ጀርመኖቹ የመከላከል ኃይል ያለው በፈሳሹ ነው እንጂ በሕዋሱ አይደለም አሉ። ሜችኒኮፍ በየጉባኤው እየተነሣ ጸጉሩን አንጨፍርሮ ተሟገተ። በ1892 ዓ.ም. ስለ ቁስል መቆጣት፤ በ1901 ዓ.ም. ስለ በሽታ መከላከል ያሳተማቸው መጻሕፍት የዚህ ሙግት ፍሬ ናቸው። መፍትሔው የተገኘው ከሁለቱም ወገን ነው፤ በ1903 ዓ.ም. አልምሮት ራይትና ስቲዋርት ዳግላስ በለንደን የደሙ ውሃ ጀርሙን ሲቀባው በላዒው ሕዋስ ቶሎ እንደሚበላው አሳዩ። ያንን ቅብ ኦፕሶኒን አሉት፤ ከግሪኩ የማባያ ስም የወጣ ነው። በኛ አነጋገር እንጀራው ያለ ወጥ አልዋጥ ብሎ ኖሯል! በ1908 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና የፈሳሹ ወገን ለሆነው ለፓውል ኤርሊሽ በአንድነት ተሰጠ።

በዕድሜው ማምሻ ስለ እርጅና ማሰብ ጀመረ። በእርጅና ጊዜ ማክሮፌጆች የከበሩትን ሕዋሳት እየበሉ በቦታቸው ጠባሳ መሰል ሥጋ ይተካል፤ ለዚህም ጠንቁ በትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ጀርሞች መርዝ ነው ብሎ አስተማረ። መድኃኒቱም የቡልጋሪያ ባላገሮች እንደሚጠጡት ያለ የረጋ ወተት ነው አለ፤ ራሱም በየቀኑ ይጠጣ ነበር። በዚህ ምክንያት እርጎ በአውሮፓ ከተሞች ገበያ ወጣለት። ወሎ እርጎን ለመውደድ ሜችኒኮፍን አልጠበቀም፤ ቢሆንም በዚህ ክፍል ከማስረጃው ይልቅ ተስፋው የቀደመው ይመስለናል። የፀጉር መሸበትም በላዒ ሕዋሳት ቀለሙን ስለሚበሉት ነው ማለቱ ትክክል ሆኖ አልተገኘም። በእርጅና ጊዜ ጠባሳ በአካል ውስጥ እንደሚበዛ፤ ማክሮፌጅም በዚህ እጁ እንዳለበት ግን የዛሬው ምርምር ይስማማበታል።

በ1909 ዓ.ም. ሩሲያን ሲጎበኝ ከደራሲው ከሌቭ ቶልስቶይ ጋር ተገናኝቶ አንድ ቀን ሙሉ ተጨዋወቱ፤ አንዱ በሳይንስ፤ አንዱ በነፍስ መንገድ የሚያምኑ ስለ ሆነ ብዙም አልተስማሙም። በ1914 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወጣት ረዳቶቹ ወደ ግንባር ዘመቱ፤ የምርምር ክፍሉም ባዶ ሆነ። ሜችኒኮፍ በዚህ ከልክ በላይ አዘነ፤ ልቡም ደከመ። ሐምሌ 15 ቀን 1916 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመቱ በልብ ድካም ፓሪስ ላይ አረፈ። ኦልጋ የሕይወት ታሪኩን ጽፋ በ1920 ዓ.ም. አሳተመች። አስከሬኑም ተቃጥሎ ዐመዱ በፓስተር ኢንስቲትዩት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በመጻሕፍቱ መካከል ተቀመጠ።